አሥራ ሁለተኛው ሰላምታ

የጭነት መኪናው ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ የብስኩት ካርቶኑን በመስኮት አቀበለው።

በስለላ መሥሪያ ቤቱ «ወንፊት» የሚባለው ሰው ካርቶኑን ከሚሸጠው ሳሙና ሥር ሸጎጠና ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ወጣ። ከጋፋት ማዶ ያሉ ገበሬዎች የሚያውቁት ይሻው በሚል ስም ነው፤ ሳሙናና ባትሪ እያዞረ የሚሸጥ፣ ከግንባር የመጣ ደብዳቤ በነጻ የሚያደርስ ደግ ሰው። ደግነቱ የመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ነበር።

ማደሪያው ገብቶ በሩን ቆለፈና ከካርቶኑ ውስጥ የግንባሩን ደብዳቤ አውጥቶ ከፈተ። የጻፈው ካሳው ነው። አንድ ምሽግ ውስጥ ካሉት የመንደሩ ልጆች ጽሕፈት የሚያምርለት እሱ ስለሆነ ለሁሉም አንድ ደብዳቤ ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱን ሰላምታ በየስሙ ያደርሳል። የአንዱ ስም ካልተጠራ በቤቱ ለቅሶ ይቀመጣል። ሌላ መርዶ የሚጠብቅ የለም።

ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ነበሩ።

ዛሬ አሥራ አንድ ናቸው። አንዱአምላክ የለም።

ለአለቃው ደወለ። በስልክ «አጎቴ» ይለዋል።

«አንድ ዕቃ ጎድሏል።»

«አሟልተህ ጻፈው።»

«እናቱ አሉ እኮ።»

«ደረጄ አሥራ አንድ ካነበበ ጠላት መድፉ እንዳልሳተ ያውቃል፤ ያንኑ ቦታ ይደግመዋል። ደብዳቤው ይነበብ እንጂ ለእናቲቱ መርዶ ነጋሪ እልካለሁ። ቃሌ ነው።»

ደረጄ የመንደሩ መምህር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብዳቤውን ያነብላቸዋል፤ ከዚያ ፎቶ አንስቶ ለጠላት ይልካል። ልጆቹም እናት እንዳታስብ ብለው ያሉበትን ኮረብታ፣ የሚቀዱበትን ምንጭ ሳይቀር ይዘረዝራሉ። ስንት ጊዜ ተመከሩ! ወንፊት ይህን ባሰበ ቁጥር ደሙ ይፈላ ነበር።

የካሳውን ጽሕፈት አስመስሎ አዲስ ደብዳቤ ጻፈ። ኮረብታውን ቀየረው። አሥራ ሁለተኛው ስም ላይ ሲደርስ ሁለት ወረቀት አበላሸ።

እሑድ ደረጄ አነበበ። የአንዱአምላክ እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያዳምጣሉ።

«አንዱአምላክም እንደምን ሰነበታችሁ ይላል።»

እልል አሉ። ወንፊት የሚያየው ግን ደረጄን ነበር። መምህሩ ደብዳቤውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ ዞረ።

ስልኩን አወጣ።

ደብዳቤውን ፎቶ አነሳው።

ማክሰኞ ጠላት ባዶ ኮረብታ ሲደበድብ ዋለ። አሥራ አንዱ ተረፉ። ወንፊት መርዶ ነጋሪው መቼ እንደሚመጣ ሊጠይቅ ደወለ።

«አይመጣም» አለ አጎቴ። «ደረጄ አምኖናል፤ በየሳምንቱ እንጽፍለታለን። አንተ ዛሬውኑ ውጣ፣ የሚተካህ ይጽፋል።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ባልገባልህ ትጽፍ ነበር?»

ስልኩ ተዘጋ። ወንፊት ሲም ካርዱን አውጥቶ ሰበረው። ተናዶ መሳደብ ቢፈልግም የሚሰድበው ሰው አጠገቡ አልነበረም።

መንገድ ላይ ወይዘሮ ፈንታነሽ ከረጢት ይዘው አገኙት። በሶ ነው።

«ይሻው ልጄ፣ ይቺን አድርስልኝ። ገብሱን ራሴ ቆልቼ ነው ያስፈጨሁት። በሚቀጥለው በገዛ እጁ ካልጻፈልኝ እቀየመዋለሁ በለው።»

አፉን ከፈተ። ቢናገር ለቅሶው ከደረጄ ጆሮ ይደርሳል፤ አሥራ አንዱ ያልቃሉ።

«እነግረዋለሁ፣ እናቴ» አለ።

አውቶቡስ ውስጥ ረዳቱ ስሙን ሲጠይቀው የመጣለትን ስም ሰጠና መስኮት ጥግ ተቀመጠ። ወደ አንበሳሜ ከተማ ሲቃረቡ ከረጢቱን ፈቶ አንድ እፍኝ ወደ አፉ ጨመረ። ከረጢቱን መልሶ አሰረው።