በማር የተለወሰው ክኒን

ኢሳይያስ ሲናደድ ዝም ይላል። የዛን ቀን ግን ዝም አላለም።

«እማዬ ዛሬም ወደቀች! ክኒኑን እንዳታቋርጥ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሊገድልብኝ ነው!»

ሮማነወርቅ ኦሮራ ከተማ በምትሠራበት የመድኃኒት ቤተ ሙከራ በር ላይ ቆማ ፊቱን አየችው። እሱ አየር ማረፊያው ውስጥ የመንገደኞች ዊልቸር ይገፋል፤ የተዋወቁትም እዚያው፣ የአየር ማረፊያው ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው። አይ ፍቅር! አሁን ጥሏት ሊሄድ ነው፤ ምን ይዋጣት?

«ለእናቴ የማይሆን ነገር እየመከርሽ እኔና አንቺ...» ብሎ አልጨረሰውም።

«ገብተህ እይና እንደፈለግህ» አለችው።

ማይክሮስኮፑ ሥር መስታወት የምትመስል ትንሽ የሙከራ ሰሌዳ፣ ቺፕ፣ አስቀመጠች። ውስጧ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ፤ ውሃው በነሱ እንደ ደም ይፈስሳል። ከአንዲት የክኒን ፍሬ ቀይ ቀለም ቀስ እያለ ይወጣ ነበር።

«የእማማ ሠርካዲስም ክኒን እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ የደም ግፊታቸውን ይይዛል።»

«ቢደቆስስ?»

ለምን እንደጠየቃት አልገባትም። የተደቆሰ ፍሬ ሌላ ቺፕ ውስጥ ከተተች። ቦዩ ባንዴ ቀላ። «የቀኑ መድኃኒት ሁሉ ባንዴ ይገባና ግፊትን አውርዶ ሰው ይጥላል» አለችው።

ኢሳይያስ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ነቀለ። ንዴቱ ጠፍቶ ነበር።

«መዋጥ አቃተኝ ስትለኝ... ጠዋት ጠዋት ደቁሼ፣ በማር ለውሼ የማጎርሳት እኔ ነኝ፣ ሮሚ። በገዛ እጄ!»

ክው አለች። ወዲያው ለእማማ ሐኪም ደውለው፣ የታዘዙትን ሰምተው ሎውሪ ሰፈር ወዳለው የእናቱ ቤት ነዱ።

«ሐኪሙ ቀየረው ብለን እንለፈው» አለችው መንገድ ላይ፣ አሳዝኗት።

«አልዋሻትም።»

እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው። እማማ ሠርካዲስ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

«መዋጥስ እችል ነበር» አሉ።

«ምን?»

«ከሥራ ሥራ ስትሮጥ መች አገኝህና ልጄ? ካላጎረስከኝ አጠገቤ የምትቀመጠው መቼ ነው?»

ኢሳይያስ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሮማነወርቅ ልትወጣ በሩን ስትነካ እማማ ጠሯት።

«የት ትሄጃለሽ? እዚሁ ተቀመጪ።»

ግፊታቸው እስኪስተካከል ጭንቅ ሆኖ ከረመ። ሐኪሙ በፈቀደበት ጠዋት ክኒኑን ሳይደቆስ በውሃ ዋጡት። ከዚያ አፋቸውን እንደ ልጅ ከፈቱ።

ኢሳይያስ ማሩን ብቻ አጎረሳቸው። ሁለተኛዋን ማንኪያ ለሮማነወርቅ ዘረጋላት።

እጁን በእጇ ይዛ ጎረሰች።