የስድስት ከሃያው መስመር

መምህር ወልዱ ከወንበሩ ወድቆ፣ ፊቱን ሲሚንቶው ላይ ደፍቶ ሞቷል። ማጅራቱን የመታው ከባድ ስታቢላይዘር አጠገቡ ተጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጥር ይቀያይራል። ሰው ሞቶ ማሽን ሲሠራ ማየት፣ እውነት ለመናገር፣ ያናድዳል።

ኢንስፔክተር ሊሚ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቀጨኔ በሚያወጣው መንገድ ላይ ካለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የደረሰችው ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረችው።

«ጉዳዩ እኮ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅን ቶለሳ። «ሠልጣኟ ናት። ጠዋት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች። ይህን ደብተር ይዩት።»

የወልዱ ሥራ ለማያውቀው ሰው እብደት ይመስላል። ለሰፈሩ ትምህርት ቤት የተሰጡ ስልሳ አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ሚሞሪያቸው ሁለት ጊጋ ብቻ ነው። የሚሠሩበት ሶፍትዌር፣ ሊኑክስ፣ ደግሞ መልኩን እንደ ልብስ የሚቀያይር ነገር ነው። ጂኖም የሚሉት መልክ ያምራል፣ ግን ከባድ ነው። ኤክስኤፍሲኢ መካከለኛ ነው። አይስሪ የሚባለው መስኮት ከመደርደር ሌላ ጌጥ አያውቅም። ወልዱ ለማሽኖቹ የሚስማማውን ለመምረጥ እያንዳንዱ ስንት ሚሞሪ እንደሚበላ እየለካ ከነሰዓቱ ይጽፍ ነበር። የመጨረሻው መስመር «6፡20፣ አይስሪ፣ 431 ሜጋ» ይላል።

«ስለዚህ ስድስት ከሃያ ላይ በሕይወት ነበር» አለ ቶለሳ። «ሁለቱ ባልደረቦቹ፣ ኪብሮንና ፈሀድ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ለምሳ ወጥተዋል፤ ምግብ ቤቱ በሙሉ አይቷቸዋል። ዘበኛው ከዚያ ወዲህ ያስገባው ልጅቷን ብቻ ነው፣ ስድስት ተኩል ላይ። ሞቶ አገኘሁት ነው የምትለው።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«በአንድ ሰዓት ልዩነት አልምልም ነው ያለው።»

ሶሊያና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። እጇ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ቆማለች።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለቻት ሊሚ።

«ልጆች ያማረ ይወዳሉ፣ ጂኖምን እንጫንላቸው አልኩት። በሁለት ጊጋ ላይ ሲያዛጋባቸው ይዋል ወይ ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። እትዬ፣ እኔ አልገደልኩትም። ዛሬ ካስገባችሁኝ ማን ያስወጣኛል?»

ሊሚ ወጥታ ግቢው ውስጥ የኮምፒውተር ጠጋኙን ፈሀድን አገኘችው።

«ወልዱ እንዴት ነበር የሚለካው?»

«ኧረ እሱ ችኮ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሣል። አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ ያነባል። ለእያንዳንዱ እንደዚያ ነው። አንዴ ሳላስነሣው አይስሪን ለካሁ። የፊተኛው ትርፍራፊ ሚሞሪ ውስጥ ስለሚቀር ቁጥሩ አብጦ መጣ። ሳምንት ሙሉ አሾፈብኝ።»

«በደንቡ ሲለካስ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ዘጠና ገደማ።»

«ከምሳ በፊት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ግቢ፣ ከዘበኛው ጋር አቧራ ሳራግፍ። ኪብሮን ነው ከውስጥ ወጥቶ ና ምሳ እንብላ ያለኝ።»

ኪብሮን የማሠልጠኛው ምክትል ኃላፊ ነው። ስለ ስልሳዎቹ ኮምፒውተሮች የታተመ ጥናት በብብቱ ይዟል።

«የማን ነው?» አለችው ሊሚ።

«የሁላችን... እ... ማለቴ፣ ስሜ አለበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለትምህርት ቤቱ ሰዎች አቀርበዋለሁ። ወልዱ ቁጥሮቼን እያረጋገጠልኝ ነበር።»

ሊሚ ጥናቱንና ደብተሩን ጎን ለጎን ዘረጋች። ጂኖም በኪብሮን 900፣ በወልዱ 1187። ኤክስኤፍሲኢ በኪብሮን 400፣ በወልዱ 598።

«ቁጥሮችህ ሁሉ በዜሮ ያልቃሉ።»

«ለአንባቢ እንዲቀል አጠጋግቻቸው ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሊሚ ግን እስኪያድር የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። አስከሬኑ ሲነሣ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፈሀድ፣ ይህ ማሽን ከተነሣ ስንት ጊዜው ነው? ጠይቀው።»

ፈሀድ ኪቦርዱ ላይ አንዲት ቃል ጻፈ። «ሁለት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ይላል።»

የግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል ነበር።

«እንግዲህ መጨረሻ የተነሣው አምስት ከሃያ ሰባት ላይ ነው» አለች ሊሚ። «ደብተሩ 5፡33 ላይ ኤክስኤፍሲኢ ይላል። እሱ ትክክል ነው፤ አስነሣ፣ ጠበቀ፣ ለካ። ለስድስት ከሃያው ግን ማሽኑ እንደገና መነሣት ነበረበት። አልተነሣም። ቁጥሩም አብጧል። ያንን መስመር የጻፈው ወልዱ አይደለም። አንድ ስምና ጥቂት ቁጥር አስመስሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? የጻፈው ሰው ሰዓቱን ወደፊት የገፋው ሟቹን እስከ ምሳ ሰዓት በሕይወት ለማቆየት ነው።»

«ልጅቷ ብትጽፈውስ?» አለ ቶለሳ።

«ራሷን የሚያሳስር መስመር? ፈሀድ ደግሞ ሳምንት ሙሉ የተሾፈበትን ስሕተት አይደግምም፤ ዘበኛውም አብሮት ነበር። ከ5፡33 በኋላ ከዚህ ክፍል ሲወጣ የታየው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ኪብሮን ዞሩ።

«አለካኩን እኔ አላውቅም ነው የሚሉት?» አለ። «ጥናቱን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ጻፍክ እንጂ አልለካህም። ሚሞሪ ሁልጊዜ በዜሮ አያልቅም። ወልዱ ዛሬ ደረሰብህ።»

ኪብሮን ጥናቱን አጣጥፎ ዘረጋው። ደግሞ አጣጠፈው።

«ስልሳ ማሽን በውሸት አላበላሽም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናገራለሁ አለኝ» አለ። «እለምነዋለሁ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይለካል። ጀርባውን ሰጥቶኝ። ያንን የመጨረሻውን ቁጥር ግን አልፈጠርኩትም። እንዳይነቃብኝ ብዬ አይስሪን ከፍቼ፣ ስክሪኑን አንብቤ ነው የጻፍኩት። እውነቴን ነው።»

«አምንሃለሁ» አለች ሊሚ። «ከጥናቱ ሁሉ የለካኸው እሱን ብቻ ነው።»

ቶለሳ ካቴናውን ከሶሊያና እጅ ፈታና ኪብሮን እጅ ላይ አደረገው። ልጅቷ አንጓዋን እያሸች ባዶውን ወንበር አየች። ከስድስት ተኩል ጀምሮ ለራሷ ስትፈራ ስለ መምህሯ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም ነበር። አሁን መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።