በጉም ቀን የታሰረ ሽቦ

ለይላ ሕፃኗን አዝላ ከፒያሳ ስትመለስ፣ ባሏ ሸረፈዲን ሬዲዮ በሚገጣጥምበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ግራ እጁ በቀጭን ሽቦ ከውሃ ቧንቧው ጋር ታስሯል፤ ቀኝ እጁ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ወድቋል። ጩኸቷን ሰምቶ ከጓሮ የደረሰው የባሏ ታላቅ ወንድም በሺር መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ።

ሃምሳ አለቃ ስማቸው ከፖሊስ ጣቢያ ሲመጣ የጦሳ ተራራ ጉም ሆጤ ሰፈርን ውጦት ነበር። ከሟቹ ከንፈር ላይ የብርድ ልብስ ክር አነሳ።

«ኤሌክትሪክ አይደለም። ታፍኖ ነው።»

በዚያ የአብዮት ዘመን አንዴ ለምርመራ የተወሰደ ሰው መመለሱን ማን ያውቃል? ለይላ ሕፃኗን አጥብቃ ያዘች።

«ሽቦው ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«በደረቅ አየር ሹራብ ሲፋተግ የሚነሳው ኤሌክትሪክ የሬዲዮውን ትራንዚስተር ያበላሻል ይላል። በሽቦው ወደ ቧንቧው ይሄድለታል። እኔንም ሹራብሽን ሳታወልቂ አትግቢ ይለኛል።»

«‹አህያው ታሰረ?› እያልኩ እስቅበት ነበር» አለ በሺር እንባው እየወረደ።

የሟቹ ጓደኛ እንየው ቦርሳውን እንዳቀፈ በሩ ላይ ቆሟል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ይሠራል።

«ገና ከአውቶቡስ መውረዴ ነው። ሸረፈዲን ሽቦውን ሳያስር ሥራ አይነካም። በሽቦው በኩል መብራት ያዘው እንጂ ማን ይነካዋል?»

ስማቸው ሦስቱንም አስቀመጠ።

«ጦር ሠራዊት ውስጥ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ሽቦው መሃል የገብስ ፍሬ የምታክል ሬዚስተር አለች። የሹራቡን ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፤ የግድግዳው መብራት ግን በሽቦው አልፎ ሰው እንዳይገድል ታግደዋለች። ያሰረው ሰው ይህን አያውቅም። እህቴ፣ እንዲህ ክረምት ሲሆን ሽቦውን ያጠልቀዋል?»

«ጉም ሲወርድ አየሩ ርጥብ ነው፤ አያስፈልግም ብሎ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል።»

«ወላሂ፣ እውነቷን ነው» አለ በሺር። «ሰኔ ከገባ አጥልቆት አያውቅም።»

«ስለዚህ የዚህ ግቢ ሰው ቢሆን ሽቦውን አያስርም ነበር። እንየው፣ አንተ እዚህ የምትመጣው መቼ ነው?»

እንየው ቦርሳውን ይበልጥ አቀፈ።

«በበጋ ብቻ» አለች ለይላ። የሚቀጥለውን ብትናገር ራሷም ልትታሰር ትችላለች፤ ቢሆንም ቀጠለች። «እንየው ያመጣለት ዕቃ ከፋብሪካ የተሰረቀ መሆኑን ሸረፈዲን ትናንት ነው የነገረኝ። ለፋብሪካው እመልሳለሁ ብሎ ወጥኖ ነበር።»

ስማቸው ቦርሳውን ከፈተ። የፋብሪካው ማኅተም ያለባቸው ትራንዚስተሮች ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፉ።

«የሕዝብ ንብረት ነው፤ ይረሽኑኛል አልኩት» አለ እንየው እያለቀሰ። «ለምኜዋለሁ። እምቢ አለኝ!»

እንየው ተወሰደ። ስማቸው በሩ ላይ ዞሮ፣ «አንቺም ትጠሪ ይሆናል» አላት።

ጀናዛው ለቀብር ወጥቶ ቤቱ ጭር ሲል ለይላ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄደች። ጉሙ በመስኮት ይገባል። መንገድ ላይ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ ውጭው በር ትዞራለች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ሹራቧን አወለቀች፤ ከዚያ ገባች።