የአስታ ሰባተኛ ምዕራፍ

አስታን ከሐይቁ ያወጧት በየካቲት ረፋድ፣ በረዶው ከሳሳበት ዳርቻ ነው። የመንሸራተቻ ጫማ አድርጋለች፤ ካፖርቷ እስከ አገጯ ተቆልፏል። ሐኪሙ ካፖርቱን ሲከፍት የበረዶ መውጊያዋ ሹራቧ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ በረዶ የከዳው ሰው ከውሃ የሚወጣባቸው፣ በገመድ አንገት ላይ የሚጠለቁ ሁለት ሹል ብረቶች ናቸው።

«ሳንባዋ ውስጥ ውሃ የለም» አለ ሐኪሙ። «ማጅራቷን ተመትታ ነው የሞተችው። ሐይቁ ውስጥ የገባችው በኋላ ነው።»

መርማሪ ራግኒልድ ጡረታዋ ደርሷል። ይህ ክረምት ያለ ሬሳ ቢያልፍላት ትወድ ነበር።

የአስታ ቤት ከሐይቁ ዳር ነው። እዚያ ያደሩት ሦስት ናቸው፤ ባሏ ዴዝመንድ፣ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ ርዕሰ መምህር፤ እህቷ ሲሪ፤ አስታ ለጻፈችው መጽሐፍ ውል ሊያስፈርማት ከዮተቦሪ ከተማ የመጣው አሳታሚ ሄኒንግ።

መጀመሪያ ሄኒንግን ጠየቀችው። «መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ራሷ ኑሮ። እንግሊዝ አገር ስትኖር ስዊድናዊቷ ይሏት ነበር። እዚህ ስዊድን ስትመለስ ደግሞ እንግሊዛዊቷ።»

«የሞተ ደራሲ ይሸጣል ይባላል።»

«ውል ከፈረመ ነዋ! አልፈረመችም። አሁን መጽሐፉ የባሏ ነው፤ እሱ ደግሞ ቢቃጠል ይወዳል።»

ሲሪ አይኗ አብጦ ነበር።

«ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል፣ ምን እደብቅሻለሁ። ሰባተኛውን ምዕራፍ አውጪው አልኳት።»

«ምን ይላል?»

«ዴዝመንድ አስታን ልጃቸውን በስዊድንኛ እንዳታናግራት ከለከላት። እናታችን ከልጅ ልጇ ጋር አንድ ቀን እንኳ ሳታወራ ሞተች። እውነት ነው፤ ግን የእናቴን ለቅሶ አገር እንዲያነበው አልፈለግሁም።»

ዴዝመንድ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ተኝቼ ነበር» አለ። «እንደ ልማዷ ማልዳ ወጥታ ይሆናል።»

«አብረዋት ወጥተው ያውቃሉ?»

«በረዶ ላይ? አላበድኩም።»

«ሲሸኟትስ?»

«ጠዋት ጋዜጣ ነው የማነበው። በሩን ታውቀዋለች።»

ከሰዓት በኋላ ራግኒልድ ሦስቱን ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ካፖርትና መውጊያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሲሪ፣ እስቲ ልበሺ።»

ሲሪ ካፖርቱን ለብሳ ቆለፈች፤ መውጊያውን ከላዩ አጠለቀች። ሄኒንግም ተራው ሲደርስ እንዲሁ አደረገ።

«ሕፃን ያውቀዋል» አለ። «ውሃ ውስጥ ሆኖ ቁልፍ የሚፈታ የለም።»

«አስታ የሞተችው ቤት ውስጥ ነው» አለች ራግኒልድ በደከመ ድምፅ። «ለሽርሽር የወጣች እንድትመስል ሌላ ሰው አለበሳት። ያ ሰው መውጊያው እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ በሩ አጠገብ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሎ ያየዋል። እንዴት እንደሚደረግ ግን አያውቅም። እንደ ሀብል አጠለቀላትና ካፖርቱን ቆለፈበት። ሲሪ እዚህ ሐይቅ ላይ ነው ያደገችው። ሄኒንግ አሁን አሳየን።» ወደ ዴዝመንድ ዞረች። «ሃያ ክረምት በዚህ በር ወጥታለች። አንድ ጠዋት እንኳ ቀና ብለው ቢያዩዋት ይህን አይሳሳቱም ነበር።»

ዴዝመንድ እጆቹን ተመለከተ።

«ምዕራፉ ከልጄ አፍ ቋንቋዋን የነጠቀ ሰው ይለኛል» አለ። «ልጄ ይህን ልታነብ! ተይው ብዬ ለመንኳት። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትከሻዋን ይዤ አዞርኳትና ገፋኋት፤ በማጅራቷ የምድጃው ጠርዝ ላይ ወደቀች።»

ፖሊሶች ዴዝመንድን ወሰዱት።

«ገዳይ አይወርስም፤ የመጽሐፉ መብት አሁን የልጅቷ ነው» አለ ሄኒንግ በዝግታ። «እሷ ከፈቀደች…»

«በእንግሊዝኛም ነው የሚወጣው?» አለች ሲሪ።

«በሁለቱም። ራሷ ናት በሁለቱም የጻፈችው።»

«እንግዲያው ሰባተኛውም ይግባ። እናቷ ትንገራት፤ እኔ አልችልም።» ስልኳን አነሳች። «በእንግሊዝኛ ሰላምታና ስለ አየሩ ማውራት ብቻ ነው የማውቀው። አባትሽ እናትሽን ገደላት የሚባለውን በምን ልበል፣ ራግኒልድ?»

ራግኒልድ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ደውይ። እኔ አለሁ።»

ልጅቷ በምትኖርበት በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ ስልኩ ተነሳ። ሲሪ የልጅቷን ስም ጠራች፤ ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝኛ ቃል አጣች።