ሙጫ ውስጥ የተበጠሱት ክሮች

«ያ መሣሪያ የሞተውን ያንቀሳቅሳል...»

ምድር ቤቱን የሚያጸዱት እትዬ ወለሉን በወለወሉ ቁጥር ይህችን ሳይሏት አይወጡም።

«እስቲ መጀመሪያ አለቃዬን ያንቀሳቅስልኝ!» እያልኩ ሦስት ዓመት ሙሉ ስቄባቸዋለሁ።

አሁን የምጽፍላችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። የማያምን አይመን፤ ማንንም አልለምንም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ውጭ ፀሐይ... እኔ ግን መስኮት በሌለው የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀምጫለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ባለዲግሪዎቹ ያበላሹትን እያስተካከልኩ ነው የለመድኩት።

አራት ፎቅ ከላይ ታላቅ እህቴ ተኝታለች። ጡንቻዋ ቀን በቀን እየከዳት ነበር።

«የሴሎቿን አጽም በምስል አሳዪኝ» አለኝ ሐኪሟ። «መድኃኒቱን የምመርጠው በእሱ ነው።»

አዎ፣ ሴልም አጽም አለው። ቅርጹን እንደ ድንኳን ገመድ ወጥረው የሚይዙ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ከጡንቻዋ የተወሰደውን ናሙና በኬሚካል አድርቄ፣ እንደ ድንጋይ በሚጠጥር ሙጫ ውስጥ ቀብሬ፣ በአልማዝ ቢላ ስስ አድርጌ ቆረጥኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ።

እዚያ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሊኖርም አይችልም።

የመጀመሪያው ምስል... ክሮቹ ውጥር ብለዋል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሁለተኛው... ያው ሴል፣ ያው ቦታ። ሁለት ክሮች ተበጥሰዋል።

«የማይክሮስኮፑ ጨረር በዝቶበት ነው» ብዬ ቀነስኩት።

ሦስተኛው... ግማሾቹ የሉም።

ስልኩ ጮኸ። የእህቴ ነርስ ናት።

«ነይ...» አለች በሹክሹክታ።

«ምስሉን ልጨርስ።»

«እሱን ተይውና ነይ!»

«ባዶ እጄን መጥቼ ምን ልፈይድላት? አስር ደቂቃ!»

ዘጋሁባት።

ስህተቴን ሳላርም ተነስቼ አላውቅም። ከዚያው ሙጫ ሌላ ስስ ቁራጭ አወጣሁ፤ ጨረር ነክቶት የማያውቅ። አስገባሁት...

አንድም ክር የለም።

ሴሎቹ ሁሉ አየሩ እንደወጣ ፊኛ ኩምትር ብለዋል።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ስደርስ... አንሶላው ፊቷን ሸፍኗል።

«ክሮቹ ነበሩ!» ጮህኩ ሐኪሙ ላይ። «ዶክተር፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ! መድኃኒቱን ይምረጡላት!»

«የሚመረጥ መድኃኒት አልነበረም» አለ፣ ወለል ወለሉን እያየ። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ። ‹ታናሼ ሳልፍ እንዳታየኝ፣ እዚያው የሚያቆያት ሥራ ይስጧት› ብላ ለመነችኝ።»

የአንሶላውን ጫፍ አስተካከለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ግን ሐሳቧን ቀየረች። ነርሷን ያስደወለቻት እሷ ራሷ ናት።»