የአርባ አንደኛው ገጽ ምልክቶች

አቶ ታን ከደረጃው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ቤት ውስጥ በባዶ እግር የሚውሉት ሽማግሌ ጫማቸውን አድርገው ነበር።

ሬሳው ሲነሣ ኢንስፔክተር ዘርዓብሩክ ፎቅ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የታተመ ወረቀት አለ፤ ገጽ አርባ አንድ። ፊደሉ ላቲን ነው፣ ቋንቋውን ግን አያውቀውም። የላይኞቹ ስድስት መስመሮች ላይ በእስክሪብቶ ጭረት ተጨምሯል። ከዚያ በታች ምንም የለም።

«ሆክየን ነው፣ የአባቴ ቋንቋ» አለች ልጃቸው ኢልሃን። ዓይኗ አብጧል። «አያቴ ያለችው ታይዋን ነው። የቻይና ጽሕፈት አታውቅም፤ በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ያስተማሯት ይኼንን ነው። እኔ እንድጽፍላት መማሪያ እያዘጋጀልኝ ነበር።»

«ጭረቱስ?»

«ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ያሳያል። የእጅ ጽሑፉን ወስዶ የሚያትምለት ሱፍያን ነው፤ ጭረቱን ኮምፒውተሩ ስለማይጽፈው አባቴ በእጁ ይጨምራል። ሱፍያን ‹በቁጥር እንተካው› ብሎት ነበር፤ እንደዚያ የሚጽፉም አሉ። አባቴ ‹እናቴ ያልለመደችውን አልጽፍም› አለ።»

«ሲጨምሩ አይተሻቸዋል?»

«አጠገቡ ነው የምቀመጠው። ከግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ከጀመረ ዓይኑ በልማድ እያነበበ ስሕተት ያልፈዋል።»

የቤት ሠራተኛዋ ሃዎ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጠዋት ሐርላ ሄድኩ፣ እህቴ ታማ። አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው። ይስቁብን ነበር እኮ። ‹ታይዋን የሚባል ገበያ አላችሁ፣ በቋንቋዬ ሰላም የሚለኝ ግን የለም› ይሉኝ ነበር።»

ሱፍያን የሚሠራው እዚያው ታይዋን ገበያ ነው።

«መብራት ዘጠኝ ሰዓት መጣ። አትሜ ራሴ አደረስኩላቸው። ሁለት መስመር እስኪጨምሩ ቆሜ አየሁ፣ ከዚያ ሄድኩ። በደኅና ነው የተለያየነው፣ ወላሂ።»

በማግሥቱ ዘርዓብሩክ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«ሱፍያን፣ ሁለት መስመር ያልከው የትኞቹን ነው?»

«የመጀመሪያዎቹን።»

«ሽማግሌው ከላይ አይጀምሩም ነበር። ይህን ገጽ እርሳቸው አልነኩትም። ጭረቱን የጨመረው፣ እርሱ ከሄደ በኋላ በሕይወት የቆዩ እንዲመስል የፈለገ ሰው ነው። ኢልሃን ብትሆን ከግርጌ በጀመረች። ሃዎ ሐርላ እንደዋለች አረጋግጫለሁ። አንተ ወረቀት ታደርሳለህ እንጂ ሲሠሩ አላየህም። ደግሞ ሊጽፍ የተቀመጠ ሰው ጫማ አያደርግም። ከአንተ ጋር ሊወጡ ነበር። ወዴት?»

ሱፍያን መሬት መሬቱን አየ።

«የእጅ ጽሑፉን መልስልኝ አሉ። የታተመው ብቻ መስሎኝ ለሎዝ መጠቅለያ ሰጥቼው ነበር። ያልታተመውም አብሮ ሄደ። ‹የሰጠኸው ሰው ዘንድ አሁኑኑ ውሰደኝ› አሉ። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙኝ፣ መንጭቄ አስለቀቅኳቸው፤ ወደቁ።»

«ጭረቱን ልትጨምር ተመልሰህ ስትወጣ ይተነፍሱ ነበር?»

«ይተነፍሱ ነበር።»

ሃዎ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ኢልሃን አላለቀሰችም።

«ለማን ነው የሰጠኸው?» አለችው።

«ለኒሞ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ነው የምትሸጠው።»

ኒሞ ዘንድ ሰባት ወረቀት ተርፎ ነበር። ኢልሃን ሎዙን አራግፋ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ዘይት ጠጥተዋል፣ የአባቷ ጭረት ግን ይታያል። የሰላምታ ቃል አለ፣ የምግብ ስም አለ፣ የዘመድ መጠሪያ አለ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበበች። ለአያቷ ልጅሽ ሞተ ብላ የምትጽፍበት ቃል ከሰባቱ በአንዱም አልነበረም።