አምፖል ያበራው ስኳር

የሐረግ ልጅ የሞተው ወተቱን ጠጥቶ ነው። ሌሎቹም ሕፃናት በውሃ ጥም ይንሰፈሰፋሉ።

የመካነ ሰላም የረሃብተኞች መጠለያ ሰው በሙሉ ጣቱን እንቁ ላይ ቀሰረ። የዱቄት ወተቱን በስኳር አዋህዳ የምታፈላው እሷ ናት። ካድሬው ጊዜ አላጠፋም፤ መርዛለችና ዛሬውኑ እርምጃ ይወሰድባታል አለ። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ «እርምጃ» ምን ማለት እንደሆነ ሰው ገና አልረሳም።

ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ፣ አስር አለቃ አሻግሬ ግን ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ካድሬውንም ጭምር።

«እትዬ እንቁ፣ ወተቱን ቀምሰውታል?»

«በሁዳዴ? ምን ነካህ ልጄ?»

ቀጥሎ የኬሚስትሪ አስተማሪውን መለሰን ጠረጠረ፤ በከተማው መርዝ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። የላቦራቶሪው ቁምሳጥን ግን አቧራ እንደለበሰ ነው፤ ማንም አልነካውም። አሻግሬ አፍሮ፣ እንግዲያው አግዘኝ ብሎ ይዞት መጣ።

መለሰ በካድሬውና በተሰበሰበው ሰው ፊት ከወጥ ቤቱ የስኳር ጆንያ የተዘገነውን ነጭ ነገር በአንድ ብርጭቆ፣ አሻግሬ ከቤቱ ያመጣውን ስኳር በሌላው በጠበጠ። ከባትሪ ድንጋይ ሽቦ ስቦ አምፖል አገናኘና የሽቦዎቹን ጫፎች በየተራ ብርጭቆዎቹ ውስጥ ነከረ። በአሻግሬ ስኳር አምፖሏ ጨለማ ሆና ቀረች። በወጥ ቤቱ «ስኳር» ፈዘዝ ብላ በራች።

መለሰ የስኳር ትስስር ኮቫለንታዊ ስለሆነ ሲሟሟም ሞለኪዩሉ እንዳለ ይቆያል፣ ኮረንቲ አያሳልፍም አላቸው። ይሄኛው ግን አዮናዊ ነው፤ ውሃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ወዳላቸው ቅንጣቶች ይበታተናል፣ እነሱም ኮረንቲውን ያሳልፋሉ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለ አሻግሬ።

«አምፖሏ ትስስሩን እንጂ ስሙን አትነግረንም። መርዝም ሊሆን ይችላል፤ አፋችሁን አታስነኩት።»

ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ይሄኔ የመጋዘኑ ኃላፊ ቸኮል፣ በጾመኛነቱ የታወቀው፣ ጠጋ ብሎ ጣቱን ነከረና ላሰ።

«ጨው ነው። ምስኪኗ ተምታቶባት ነው፤ ተዉአት።»

ካድሬው ጉዳዩ አለቀ ብሎ እፎይ አለ። አሻግሬ ግን ዓይኑን ከቸኮል ጣት ላይ አልነቀለም።

«አቶ ቸኮል፣ ሁላችንም ስንሸሽ እርስዎ እንዴት ደፈሩ?»

አሻግሬ ቁልፉን ከቸኮል ተቀብሎ ከመጋዘኑ አፉ የተሰፋ ጆንያ አስወጣና በጩቤ ቀደደው። ከሱም ተበጠበጠ። አምፖሏ በራች።

«ይሄንንስ እትዬ እንቁ ናቸው የሰፉት?»

ቸኮል ስኳሩን ደጎሎ ገበያ ልኮ እንዳሸጠው፣ ጆንያዎቹ እንዳይጎድሉም ርካሽ ጨው እንደሞላባቸው ተናዘዘ።

«እንቁ ስትቀምሰው ትደፋዋለች ብዬ ነበር» አለ። «እሷም ጾመኛ መሆኗን አላሰብኩም።»

አሻግሬ ሊመታው እጁን አንስቶ ሰበሰበው። ጨዉ በረሃብ ከደቀቁ ሕፃናት ገላ የቀረውን ውሃ እንደመጠጠው መለሰ ገለጸለት።

በማግስቱ ወተቱ በእውነተኛ ስኳር ፈላ። እናቶቹ ግን ልጆቻቸውን አቅፈው ከሩቅ ቆሙ። እንቁ አማተበች። በሁዳዴ፣ በሰው ሁሉ ፊት አንድ ኩባያ ቀድታ እስከ መጨረሻው ጠጣች። የመጠለያው ቄስም አልገሰጿት።

መጀመሪያ ኩባያዋን የዘረጋችው ሐረግ ነበረች። አንድ ልጅ ቀርቷት ነበር።